ሁላችንም የሰማነው ኑዛዜ

እኔ «አሳጥረሽ ንገሪን» ከተባልኩ ያመኛል። የምትቸኩሉ ካላችሁ ከአሁኑ ይቅርታ። ይህን ነገር ለሥራ ባልደረቦቼም ለዘመዶቼም እየቆራረስኩ አውርቼላቸዋለሁ፤ ሁሉም መሐል ላይ «ታዲያ እናንተ ምን አደረጋችሁ?» ይሉኛል። እስቲ እናንተ እስከ መጨረሻው ስሙኝና ምን ማድረግ እንደነበረብን ፍረዱ።

ስሜ ብርቱካን ነው፤ የሚያውቁኝ ብርቄ ይሉኛል። በዲቪ አትላንታ ከመጣሁ ወዲህ ያልሞከርኩት ሥራ የለም። ያን ጊዜ ኮሌጅ ፓርክ ካለ አንድ ሆቴል ወደ ኤርፖርት ሻትል እነዳ ነበር፤ ዛሬም እሱኑ ነው የምነዳው። የምኖረው ስማይርና ነው። ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም፣ አፍ ግን አለኝ። እንግሊዝኛዬም ሰው ፊት አያሳፍረኝም። በዚህ የተነሳ ሐኪም ቤት፣ ኢሚግሬሽን፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ ብቻ ጉዳይ የገጠመው ሁሉ «ብርቄን ጥሯት» ይላል። እኔም ኩራት ኩራት ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ዘነበች፣ እኔ ዘኒ የምላት፣ የልብ ጓደኛዬ ናት። በሱዳን በኩል ተሰዳ፣ ብዙ አይታ ነው የመጣችው። ሊልበርን ሰው ቤት ልጅ ስትጠብቅ ተዋወቅንና እህትማማች ሆንን። ኋላ ጋሽ ዳኜን አገባች።

ጋሽ ዳኜ አትላንታ ለምንኖር ሐበሾች «ገበሬው» ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ ነድተው ያጠራቀሙትን ይዘው ከሊልበርን አልፎ፣ መንገዱ እየጠበበ ዛፉ እየበዛ የሚሄድበት ገጠር ውስጥ እርሻ ገዙ። በግና ፍየል ያረባሉ፤ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ጤና አዳም ያበቅላሉ። የጌሾ ተክላቸው ደግሞ ከቤቱ ጀርባ ጫካ አክሎ ነበር። ፋሲካ ሲደርስ መኪናው ከበራቸው እስከ ዋናው መንገድ ይሰለፍ ነበር። ዘኒ ከገባች በኋላ እርሻው ሁለት እጅ አገኘ። ማለዳ ተነስታ በግ የምታግድ፣ ጌሾውን የምትለቅም፣ አጥሩን የምትጠግን እሷ ነበረች።

ጋብቻቸው በወጉ ነው። ጋሽ ዳኜ ሽማግሌ ላኩ፤ የነፍስ አባታቸው አባ ገብረ ሕይወት ጸለዩ፤ በግ ታረደ፤ እኔም እስኪነጋ ጨፈርኩ። ኮርት ሄደው ግን አልተፈራረሙም። ለምን ይፈራረማሉ? በእኛ ዘንድ ሽማግሌና ቄስ ያገናኘውን ወረቀት ምን ይጨምርበታል? ማናችንም አላሰብነውም፤ ማናችንም።

ከዓመታት በኋላ ጋሽ ዳኜ ጉበታቸውን ታመው ሆስፒታል ገቡ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዘኒ ደውላ «ሐኪሞቹ የሚሉትን ቶሎ መጥተሽ ስሚልኝ» አለችኝ። ድምፅዋ ልክ አልነበረም። የሥራ ተራዬን ለሌላ ሰው ሰጥቼ በረርኩ።

ሐኪሙ ያለኝን እዚህ አልደግመውም፤ «ቀናት» የሚለው ቃል ነበረበት። ለጋሽ ዳኜ ስተረጉምላቸው ግን አልደነገጡም። «እሺ፣ የእግዜር ቀን ነው» ብለው ትራሳቸውን አስተካከሉ። አእምሯቸው እንደ ጤነኛ ሰው፣ በገዛ እጃቸው ብርጭቆ ይዘው ውሃ የሚጠጡ፣ ቀልዳቸውም አልጠፋ። ይህን ልብ በሉልኝ።

ብዙም ሳይቆይ የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር፣ የበሽተኛ ቤተሰብ ጉዳይ የምትከታተለው፣ ገባች። ደግ ሴት ናት፤ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ቀስ ብላ ጠየቀች።

«ምን ትላለች?» አሉኝ ጋሽ ዳኜ።

«ንብረትዎን ለማን እንደሚያወርሱ በጽሑፍ አለ ወይ ትላለች። ከሌለ ዛሬውኑ ተጽፎ መፈረም ይችላሉ። ምስክርም እዚሁ ይገኛል ነው የምትለው።»

ጋሽ ዳኜ ዓይናቸውን አፈጠጡ። «ገና ነፍሴ ሳትወጣ ልትገንዘኝ ነው እንዴ? ንገሪያት። እኔ የነፍስ አባት አለኝ፤ ሽማግሌ አለኝ። ኑዛዜዬን ለነሱ እናገራለሁ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ!»

«ጋሼ፣ እሱም ይሁን፣ ይሄም ይጻፍ። ምን ይጎዳዎታል?»

እግራቸው ሥር የተቀመጡት ጓደኛቸው ጋሽ በቀለ ቆጣ አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ወረቀት ለማይተማመን ሰው ነው። እኛ ምን ሆነን?»

አፌን ከፍቼ ልመልስ ስል ዘኒ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ወደ ኮሪደሩ አወጣችኝና እንባዋ እየወረደ፣ «በናትሽ ተይ ብርቄ! ገና ባሏ ሳይሞት ለንብረት ቸኮለች ይሉኛል። ያችን ሴትዮም ያመጣኋት እኔ ይመስላቸዋል» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ ይላሉ። እኛ ሰዎች እንላለን። ተመልሼ ለሶሻል ወርከሯ «ያመሰግናሉ፤ በባህላቸው መሠረት ያደርጉታል» አልኳት። እሷም «ውብ ነው» አለችና ካርዷን ትታ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ አባ ገብረ ሕይወት ከሽማግሌዎች ጋር መጡ። እኔ ልወጣ ስል ጋሽ ዳኜ «ብርቄም ትስማ» አሉ። መስቀሉን ተሳለሙና ትንፋሻቸውን እያሳረፉ ተናገሩ።

«አባቶቼ፣ ስሙኝ። መጀመሪያ የበደልኩት ይቅር ይበለኝ። ቤቱና የላይኛው መሬት፣ ጌሾው ያለበት፣ የዘነበች ነው። እስክትሞት ከዚያ ቤት ማንም እንዳያስወጣት። በጎቹንና ከወንዙ በታች ያለውን መሬት ለልጄ ለሳምሶን ሰጥቻለሁ። እሷ ስታልፍ ሁሉም የሱ ነው። እሱ ደግሞ ብርድ በገባ ቁጥር ይምጣና እንዴት ነሽ ይበላት። ልጅ አልወለደችልኝምና ሰው የላትም።»

«ሰምተናል» አሉ ሽማግሌዎቹ ባንድ አፍ።

አባ መስቀሉን ከፍ አድርገው «ይህን ቃል ያፈረሰ ውግዝ ይሁን» አሉ። «አሜን» አልን። ዘኒ ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅሳለች። እኔ ራሴ አለቀስኩ፤ በሕይወቴ እንዲህ ያማረ ነገር ሰምቼ አላውቅም። አንድ ሰው ያለውን ሁሉ በጥቂት ቃል አከፋፍሎ፣ ማንንም ሳይረሳ ሲያሳርፍ አይቼ አላውቅም። ሲወጡ ጋሽ በቀለ ትከሻዬን መታ አድርገው «አየሽ? ይሄ ነው ኑዛዜ» አሉኝ። ተሸነፍኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው የተሸነፍኩት።

ጋሽ ዳኜ ሰኞ ከሰዓት አረፉ።

ሳምሶን፣ ሳሚ የምንለው፣ ከመጀመሪያ ሚስታቸው የወለዱት አንድ ልጃቸው ነው። ዳላስ ነው ያደገው፤ ከናቱ ጋር። ለቀብሩ ደረሰ። ረጅም፣ አባቱን ቁርጥ፤ ሲያለቅስ ድምፅ የለውም። በሠልስቱ ቀን እርሻው ቤት ሰው ሁሉ ሲበተን ሽማግሌዎቹ አስቀመጡት። እኔም አማርኛው ቢያቅተው ብለው አስቀመጡኝ። ጋሽ በቀለ ኑዛዜውን ቃል በቃል ነገሩት። ሳሚ አጎንብሶ ሰማ።

«ኦኬ» አለ መጨረሻ ላይ። «ይሄን ሲል ለምን እኔ ጋ አልደወለም? ስልክ ነበረው እኮ።»

«ልጄ፣ አንተ በመንገድ ነህ ብለን እኮ ነው። ለኛ የተነገረ ላንተ የተነገረ ነው» አሉት።

«ኖ፣ ለእናንተ የተነገረ ለእናንተ ነው።» ሳይቆጣ ነው የሚናገረው፤ እሱ ነው የሚከፋው። «ሪስፔክት አደርጋችኋለሁ። ግን እናንተ የምታውቁት ሰውዬና እኔ የማውቀው ላይክ ሌላ ሰው ነው። ግራጁዌሽኔ ላይ እመጣለሁ ብሎኝ ነበር። ወንበር ይዤለት፣ እናቴን አስቀይሜ፣ ቁጭ ብዬ ስጠብቀው ቀረ። ደውዬ ስጠይቀው ምን አለኝ? በጓ ምጥ ላይ ናት። ቃል ቃል ትሉኛላችሁ። ለኔ አንድ ቃል ጠብቆ አያውቅም።»

አባ «ግዝት አለበት ልጄ» ሲሉት «አባ፣ እኔ ሳልኖር የታሰርኩበት ገመድ ነው» አላቸው። ከዚያ ወደ ዘኒ ዞሮ «እስኪሸጥ ድረስ ቆይ፤ አላስቸኩልሽም» አለ። ክፉ ልጅ ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት! በተሳደብኩና በወጣልኝ። ክፉ አልነበረም። ከቤቱ ሲወጣ በጎቹ በረት ጋ ቆሞ ብዙ ቆየ።

ሽማግሌዎቹ ግን ተስፋ አልቆረጡም። «ይሄን ያህል ምስክር እያለ! ቄስ እያለ! ዳኛ ፊት እንቀርባለን» አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት በእኔ መኪናና በጋሽ በቀለ መኪና ተጭነን የካውንቲው ከተማ ሄድን። አባ ነጭ ሻሻቸውን ጠምጥመው፣ መስቀላቸውን ይዘው፤ ሽማግሌዎቹ ሱፍ ላይ ነጠላ ደርበው፤ ዘኒ በጥቁሯ። መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ያለች አንዲት ጠበቃ ጋ ገባን። ወንበር አልበቃንም፤ እኔ ቆምኩ።

ጠበቃዋ ሁሉንም በትዕግሥት ሰማች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች። ሰው መነጽር ሲያወልቅ አልወድም።

«የነገራችሁኝን በሙሉ አምናለሁ» አለች። «አንዷንም ቃል አልጠራጠርም። ግን በዚህ ስቴት በአፍ የተነገረ ኑዛዜ ኑዛዜ አይደለም። ተጽፎ፣ ሟቹ ፈርሞበት፣ ሁለት ምስክር ካልፈረሙበት ሕጉ አያውቀውም።»

ተረጎምኩ። አባ መስቀላቸውን አነሱ። «ቄስ ነኝ፤ ይህን ይዤ እመሰክራለሁ በያት።»

«አባትን አከብራለሁ» አለች። «ግን የሚመሰከርለት ነገር ራሱ የለም።» ቀጥላ ወደ ዘኒ ዞረች። «ሚስት ከሆነች ግን ድርሻ አላት። የጋብቻ ሰርተፊኬት ይዛችኋል?»

ዘኒ ስልኳን አወጣችና የሰርጋቸውን ፎቶ አሳየቻት። ጋሽ ዳኜ ካባ ለብሰው ይስቃሉ፤ እኔ ከኋላ አፌን ከፍቼ እልል እላለሁ። ጠበቃዋ ፎቶውን ብዙ አየችው። ስልኩን ስትመልስላት የተናገረችው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚያ ሁሉም ሰው ወደኔ ዞረ።

እግዚኦ፣ ያን ሰዓት! ያኔ ነው አስተርጓሚ መሆን ምን እንደሆነ የገባኝ። ሽማግሌዎቹ አፌን ይጠብቃሉ፤ ዘኒ አፌን ትጠብቃለች። እኔ እስክናገር ድረስ እሷ አሁንም የዳኜ ሚስት ናት። ብዘገይ፣ ብዋሽ፣ ብሮጥ ወድጄ ነበር።

«ዘኒ፣ በሕግ ሚስቱ አይደለሽም ትላለች። ሁሉም የልጁ ነው።»

ዘኒ ጠበቃዋን ሳይሆን እኔን አየችኝ። «አንቺ ነሽ ያልሽው፣ እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ታዲያ ለምን ባንቺ ድምፅ መጣ?» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ጋሽ በቀለ ግን እምቢ አሉ። «ጠበቃ ምን ታውቃለች? ዳኛው ቤት እንግባ!» ብለው መንገዱን ተሻገሩ፤ ተከተልናቸው። ፍርድ ቤቱ ውስጥ መስኮት ላይ ያለችው ጸሐፊ በትሕትና «ኑዛዜውን ስጡኝ» አለችን። «እኛ ነን ኑዛዜው» አሉ ጋሽ በቀለ በአማርኛ፤ ደረታቸውን እየመቱ። «በያት፣ ይኸው ቆመናል በያት!» ተረጎምኩላት። ሴትዮዋ እጇን በመስኮቱ ሥር እንደዘረጋች ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ባዶውን መለሰችው። ጋሽ በቀለ እዚያው አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። እኒያ ትልቅ ሰው፣ ሆስፒታል «ወረቀት ለማይተማመን ነው» ያሉት፣ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቁ። «እኔ ነኝ የከለከልኩት» ይላሉ ደጋግመው። አባ ጭንቅላታቸውን እቅፍ አደረጉ። ማን ይፈርድባቸዋል? ባደጉበት ነው የሠሩት።

ዘኒን አየር እንድታገኝ ይዣት በኮሪደሩ ስሄድ ግድግዳው ላይ በመስታወት የተሰቀለ አሮጌ ጽሑፍ አየሁ። ካውንቲው ሲቆረቆር የነበረ የአንድ ገበሬ ኑዛዜ ነው፤ ለጌጥ ነው የሰቀሉት። ከሥሩ በታይፕ ገልብጠውታል።

«ምን ይላል?» አለች ዘኒ።

ባልጠየቀችኝ! ተረጎምኩላት። ገበሬው ለሚስቱ እሳት ምድጃ ያለበትን ክፍል እስክትሞት ሰጥቷታል። አልጋዋን፣ እሷ የመረጠቻትን አንዲት ላም ሰጥቷታል። ትልቁ ልጁ ደግሞ በየክረምቱ ብርድ ፍልጥ እንጨት ደጇ ድረስ እንዲያመጣላት አዝዟል። ከላሟ በታች አንዲት ባሪያ በስሟ ተጠርታ ለልጁ ተሰጥታለች፤ እሱን ዘልዬዋለሁ። ወረቀት ምን ያፍራል? የተጻፈበትን ሁሉ ይሸከማል።

«ፊርማው የቱ ጋ ነው?»

አሳየኋት። ሰውዬው ፊደል አያውቅም ነበር፤ ስሙን ሌላ ሰው ጽፎለት እሱ መሐሉ ላይ ኤክስ ነው ያደረገው። የተንጋደደ፣ ቀለሙ የፈሰሰ ኤክስ። ምስክሮቹ ሁለት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ አንዱም እንደሱው ኤክስ።

ዘኒ ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። «ይቺው ናት?»

«ይቺው ናት።»

«ዳኜ እኮ እጁ ደህና ነበር» አለች። ጣቷን ከመስታወቱ እስክታነሳ ጠበቅኋት።

እርሻው ተሸጠ። በጎቹን ተጎታች ያለው መኪና መጥቶ ጫናቸው። ዘኒ ከጌሾው አንድ ችግኝ ነቅላ፣ በባልዲ አድርጋ፣ ልብሷን ይዛ እኔ ጋ ስማይርና መጣች። ችግኙ በረንዳዬ ላይ አለ። ሳሚ ከሸጠ ወዲህ አልደወለም።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ አሁን ፍረዱ። ማንን ልክሰስ? ሽማግሌዎቹን? አባን? ሳሚን? ሕጉን? እኔ የምጣላው ሰው አጥቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አጣሁ። አቅም ማጣት ማለት የሚጣሉት ሰው ማጣት ነው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ያሉት ጋሽ ዳኜ፣ የተናገሩት ጠፋ፤ የወለዱት ወረሰ።

እኔ ከዚያ በኋላ ማኅበር ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ልደት ላይ ሳይቀር «ጻፉ! ተፈራረሙ!» እያልኩ ሰው አስጨንቃለሁ። «ሟርተኛዋ መጣች» ይሉኛል። ይበሉ። ሽማግሌ ያጋባችሁ ሰዎች፣ ነገ ኮርት ሂዱ። «ለንብረት ቸኮለች» የሚል ሰው ከመጣ እኔን ጥሩኝ፤ መልስ እሰጠዋለሁ። መጻፍ ካቃታችሁ ኤክስ አድርጉ።

የራሴንም ጻፍኩ። አሮጌ መኪናና ትንሽ ኮንዶ ነው ያለኝ፤ ኮንዶውን እስክትሞት እንድትኖርበት ለዘኒ አደረግሁት። ሁለት ምስክር ፊት ፈርሜ ወረቀቱን አምጥቼ አሳየኋት። ፊርማዬን አየችው፤ ተመስገን እንኳ አላለችም።

ያን ምሽት የመጀመሪያው ብርድ ገባ። ማሞቂያው በራሱ ተነስቶ ይነፋል። ዘኒ ጋቢዋን ተከናንባ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ነበር።

«ብርቄ» አለችኝ።

«ወዬ።»

«ያ ልጅ ግን... እንጨቱን አምጥቶላት ይሆን?»

ስለ ማን እንደምታወራ ወዲያው ገባኝ፤ ስለ መስታወቱ ውስጡ ገበሬ ልጅ።

«እሱን ወረቀቱ አይናገርም፣ ዘኒዬ» አልኳት።